የፎገራ ነፋስና የስድስት ሰው ወንፈል

ስድስት ብስክሌተኞች ያሉት አንድ የባሕር ዳር የሠፈር ቡድን በአንድ በጋ ውስጥ ሦስት የእሑድ ውድድሮችን በተከታታይ ተሸነፈ። መሸነፍ ብርቅ አይደለም። ይህን ሽንፈት መዝግቤ እንዳስቀምጥ ያደረገኝ ሦስቱም ጊዜ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው አኳኋን መሆኑ ነው። እስከ ወረታ ድረስ ከመሪዎቹ ጋር እንደርሳለን፤ ስንመለስ ፎገራ ሜዳ ላይ እንበተናለን። እኔ የቡድኑ ጸሐፊ፣ ሰዓት ያዥና ገንዘብ ሲጎድል ተጠያቂ ነበርኩ። የዕለት እንጀራዬ የሒሳብ መምህርነት ነው። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ለሁለት ወር ያህል ሒሳቡን የሳትኩት እኔው ራሴ ስለሆንኩ ነው።

የልጆቹን ስም አላነሳም፤ በሥራቸው እጠራቸዋለሁ። ጎሚስታው፣ አናጺው፣ የሌሊት ጥበቃው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ፣ ባለባጃጁና ትንሹ። ትንሹ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ከሁሉም ብርቱው ባለባጃጁ ነው። በባሕር ዳር ብስክሌትን ከጎዳና ያባረረው ባጃጅ ነው እየተባለ ሲወቀስ የቡድናችን ተስፋ ባጃጅ ነጂ መሆኑ ሁልጊዜ ያስቀን ነበር። አሠልጣኛችን በወጣትነታቸው የተወዳደሩ፣ ኋላም ፋብሪካ ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው።

ጊዜው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት ነው። ዛሬ 380 ሜትር በሚረዝመው ድልድይ ላይ ብስክሌተኞች ጎን ለጎን እያወጉ ያልፋሉ። ያኔ ግን አህያውም፣ አይሱዙውም፣ እኛም በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ላይ ነበር የምንጋፋው። ስለዚህ ውድድሩ የሚጀመረው ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ዘንዘልማን፣ ሐሙሲትንና የጉማራን ወንዝ አልፎ ወረታ ይደረሳል፤ እዚያ ተዙሮ በመጡበት መንገድ ይመለሳል። ደርሶ መልሱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። እስከ ሐሙሲት ያለው ከፍ ዝቅ የሚል ነው፤ ዳገቱ ባይከፋም እግር ያሞቃል፤ ዛፍና አጥርም አለው። ከጉማራ ማዶ ግን መሬቱ እንደ ምጣድ ይዘረጋል። ሩዙ ታጭዶ ካለቀ በኋላ የቀረው ገለባና የመስኖ ሽንኩርት ነው። ከብቱ ሜዳው ላይ ተበትኗል፤ ከአልፎ አልፎ ባሕር ዛፍ በቀር ከለላ የለም። ወደ ወረታ ሲኬድ ጣና በግራ ነው፤ ሲመለሱ በቀኝ። ይህችን ቀኝና ግራ ልብ ይሏል፤ ሙሉው ጉዳይ እሷው ላይ ነው የተንጠለጠለው።

ሦስት የተሳሳቱ ምክንያቶች

ከመጀመሪያው ሽንፈት በኋላ የተስማማንበት ምክንያት ሳንባ ነበር። ያሸነፈን ቡድን ከጎንደር የመጣ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ላይ ናት፤ የጣና ወለል ደግሞ ወደ 1,800 ሜትር ይጠጋል። "የደጋ ልጆች ናቸው፤ ሳንባቸው ሰፊ ነው" ተባለ። ነገሩ ደስ ይላል፤ ማንም አይወቀስበትምና። ዳሩ ግን ሳንባቸው ከሰፋ ለምን ስንሄድ አልበለጡንም? ይህን ጥያቄ ያነሳ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሳሁም።

ሁለተኛው ምክንያት ጎማ ነበር፤ ይህ የእኔው ነው። ከሁለተኛው ሽንፈት በኋላ የቡድኑን ገንዘብ ግማሽ አውጥቼ ከአዲስ አበባ ቀለል ያሉ የኮርስ ብስክሌት ጎማዎች አስመጣሁ። ጎሚስታው ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ተመለከተና፣ "መምህር፣ የድሮው ጎማ ደህና ነበር፤ የተነፈሱት ሰዎቹ ናቸው" አለኝ። የጎሚስታ ቀልድ ነው ብዬ አለፍኩት። በአዲሱ ጎማ ሦስተኛውን ውድድር ተሸነፍን።

ሦስተኛው ምክንያት ስንፍና ነበር። ልጆቹን በሳምንት ሁለት ቀን ቤዛዊት ኮረብታ እያስወጣን፣ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ድረስ አሥር ጊዜ ሽቅብ አሥር ጊዜ ቁልቁል አንገላታናቸው። ዳገት ላይ በእርግጥ ጎበዙ። የምንሸነፈው ግን ሜዳ ላይ ነበር። ውሃ ጠምቶት እንጀራ የተሰጠው ሰው እንደ ማለት ነው።

እንዲያ እያልን የሰዓት መዝገቤን የከፈትኩት ከሦስተኛው ሽንፈት በኋላ፣ በንዴት እንጂ በብልሃት አይደለም። በሦስቱም ውድድር ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጬ ከኋላ ስከተል ዘንዘልማ፣ ሐሙሲት፣ ጉማራና ወረታ ላይ ሰዓት ጽፌያለሁ። ስንሄድ ከጎንደሮቹ ጋር ያለን ልዩነት ዜሮ ነው፤ አብረን ነበርና። ከጉማራ በኋላ እስከ ባሕር ዳር ያለው ልዩነትም ብዙም አልሰፋም። የጠፋው ደቂቃ ሁሉ የጠፋው ከወረታ እስከ ጉማራ ነው። ሰዓቱም ያው ነው፤ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ።

መዝገቡን ይዤ ጋሼ ቤት ሄድኩ። መነጽራቸውን አጥልቀው ተመለከቱትና ስለ ብስክሌት አንድም ቃል ሳይናገሩ፣ "ከዘጌ እንጨት ጭነው የሚመጡት ታንኳ ቀዛፊዎች ከተማ የሚደርሱት በስንት ሰዓት ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

"በጠዋት" አልኩ።

"ለምን?"

ለምን እንደሆነ የባሕር ዳር ሕፃን ያውቃል። ጸሐይ ከፍ ሲል ሐይቁ ይነሳል። መሬት ከውሃ ቀድሞ ይግላል፤ የጋለው አየር ወደ ላይ ሲወጣ የሐይቁ ቀዝቃዛ አየር ወደ መሬት ይገባል። ጠዋት ስንሄድ ሜዳው ጭጭ ያለ ነው። ስንመለስ ነፋሱ ከምዕራብ፣ ከጣና በኩል፣ በቀኝ ጎናችን ይገባል። የፊት ነፋስ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ያውቀው ነበር። የጎን ነፋስ ግን ሌባ ነው። ልጆቹ ሦስቱንም ጊዜ "እግሬ ከዳኝ" እንጂ "ነፋስ መታኝ" አላሉም።

የግማሽ አስፋልት ሒሳብ

ብስክሌት ሜዳ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ዋናው ባላጋራው አየር ነው። ፍጥነትን ከ30 ወደ 36 ኪሎ ሜትር ማሳደግ በ20 በመቶ መጨመር ነው፤ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልገው ኃይል ግን በ70 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከሌላ ሰው ኋላ ተጠግቶ የሚሄድ ከ20 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ ጉልበት ይቆጥባል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከቡድኑ የተቆረጠ ሰው ብቻውን መመለስ የማይችለው ወኔ ስለሌለው አይደለም፤ ሒሳቡ ስለማይፈቅድለት ነው።

ነፋስ ከፊት ሲመጣ ከለላው ከኋላ ነው። ነፋስ ከቀኝ ሲመጣ ግን ከለላው ከኋላና ከግራ ይሆናል። ፊተኛው የአስፋልቱን ቀኝ ጠርዝ ይይዛል፤ ሁለተኛው በግራው በኩል ትንሽ ዝቅ ብሎ ይጠጋል፤ ሦስተኛው ከሁለተኛው ግራ፤ እንዲህ እያለ ሰልፉ መንገዱን በሰያፍ ይቆርጣል። መንገዱ በሙሉ የእኛ ቢሆን አሥር ሰው ይይዛል። የእኛ ውድድር ግን መንገድ አይዘጋም። በግራው በኩል አይሱዙና ሚኒባስ ይመጣል። ያለን ግማሽ አስፋልት ነው፤ ግማሽ አስፋልት ደግሞ የሚይዘው አራት ሰው ነው። አምስተኛው መሐል መስመሩ ላይ ይደርስና ከፊቱ ያለውን ሰው ጎማ ከኋላ እየተከተለ፣ ነፋሱን በሙሉ ጎኑ እየተቀበለ ይሄዳል። ስድስተኛውም እንደዚያው።

ጎንደሮቹ ይህን ያውቁ ነበር። ወረታን ዞረው ሜዳው ላይ እንደወጡ አራቱ ሰያፍ ይሰለፉና መሐል መስመሩ ላይ በሩን ይዘጉታል። እኛ ስድስታችን በአንድ መስመር ጭራቸው ላይ ተንጠልጥለን እንቀራለን። ፊተኛችን ክፍተት ሲለቅ ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮት ይቆረጣል። ሦስቱንም ጊዜ የሆነው ይኸው ነው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ቀላል ይመስላል፤ እነሱ በር ሲዘጉ እኛ ከኋላቸው የራሳችንን ሰያፍ ሰልፍ እንሥራ፤ አራት ሰው በየ30 ሴኮንዱ እየተቀያየረ ይምራ። ለልጆቹ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። ሁሉም ገባቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ ልምምድ አንድም ሰው አላደረገውም።

ቡና ላይ የተከፈተው ጉዳይ

እዚህ ላይ ነበር የምር ግራ የገባኝ። የማያውቅን ማስተማር ሥራዬ ነው። እያወቀ የማያደርገውን ምን ይባላል?

ጋሼ ልጆቹን ቤታቸው ቡና ጠሩ። አቦሉ እስኪወርድ ድረስ ስለ ድሮው ውድድር አወሩላቸው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ላይ መሆኑን፣ ያን ጊዜ ከሯጮቹ ጋር እነ ገረመው ደምቦባን የመሰሉ ብስክሌተኞች መኖራቸውን፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ብስክሌታችን እዚያ እንደነበረ ተረኩ። ይህን ታሪክ ሁሌም ይተርካሉ፤ ማንም አይሰለቸውም። ከዚያ ጀበናው ሁለተኛ ሲጣድ በድንገት፣ "ባለፈው እሑድ ነፋሱ ሲመጣ ፊት የነበረው ማን ነው?" አሉ።

"እኔ" አለ አናጺው።

"ለስንት ጊዜ?"

"እስክደክም።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ጥበቃው መጣ፤ እሱም እስኪደክም።"

"ከዚያስ?"

ዝም ተባለ። ባለባጃጁ ስኒውን ያሽከረክራል። ዝምታውን የሰበረው ተማሪው ነው። ሦስት ውድድር ሙሉ ባለባጃጁ አንድም ጊዜ ነፋስ ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ የሚያገኘውን ሽልማትም ለብቻው ነው የሚወስደው። እኛስ ለማን ብለን ነው የምንቃጠለው?

ለባለባጃጁ ፍትሕ ልስጠው፤ የመለሰው መልስ ቀላል አልነበረም። "መጨረሻ ላይ የሚያሸንፍ እግር ያለኝ እኔ ነኝ፤ ጉልበቴን መንገድ ላይ ካፈሰስኩ ማን ያሸንፍላችኋል?" አለ። ባጃጁ መስታወት ላይ የጽጋቡ ግርማይን ፎቶግራፍ ለጥፏል። ጽጋቡ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። በትልልቅ ቡድኖች አሠራር መሪው ይከለላል፤ ሌሎቹ ነፋስ ይመክቱለታል፤ ውሃ ያመላልሱለታል። ስለዚህ ባለባጃጁ የጠቀሰው ሥርዓት እውነተኛ ነው። የረሳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጽጋቡ ራሱ በአውሮፓ ቡድኖች ውስጥ ብዙ ጊዜ የደከመው ረዳት ሆኖ ለመሪዎች ነው። ሁለተኛ፣ እዚያ ያለ ረዳት ደመወዝተኛ ነው። የእኛ አናጺ ቅዳሜ ማታ እስከ 3 ሰዓት ወንበር ሲጠርብ አምሽቶ፣ እሑድ ነፋስ መክቶ፣ ሰኞ ባዶ እጁን ሥራ ይገባል።

ጋሼ ያደጉት ሜጫ ውስጥ፣ ከመራዊ ወጣ ብሎ ካለ የገበሬ ቤት ነው። ነገሩን የቋጩት በዚያ በኩል ነው።

"ደቦና ወንፈል አንድ ነው?" አሉ።

የከተማ ልጆች ናቸው፤ ተያዩ። ጋሼ ዘረዘሩላቸው። ደቦ የጠራ ሰው ጠላ ይጠምቃል፣ ድግስ ያሰናዳል። የመጣው አጭዶ፣ ዘፍኖ፣ በልቶ ይሄዳል፤ ነገ ማን ለማን እንደሚሄድ ክር አይቋጠርለትም። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው። ዛሬ በሬህን ጠምደህ እኔ ማሳ ላይ ከዋልክ ነገ እኔ ያንተ ማሳ ላይ እገኛለሁ። ብታመም ልጄን እልካለሁ። ልጅ ባይኖረኝ ሰው ቀጥሬ እልካለሁ። ቀን የተበላበት ወንፈል ፈረሰ ማለት ነው።

"እናንተ" አሉ ወደ አምስቱ ዞረው፣ "ለዚህ ልጅ ደቦ ወጥታችኋል።" ከዚያ ወደ ባለባጃጁ፣ "አንተ ደግሞ ጠላውን አልጠመቅህም።"

ባለባጃጁም ሳይቀር ሳቀ። በዚያው ቁጭ ብለን ሁለት ነገር ወሰንን። ማንም ያሸንፍ፣ ሽልማቱ ለስድስት ይካፈላል፤ የሚካፈለው ግን በእኩል ሳይሆን በተራ ነው። እያንዳንዱ ሰው ነፋስ ላይ የወጣባት 30 ሴኮንድ አንድ ጭረት ትሆናለች፤ እኔ ከሞተሩ ላይ እየቆጠርኩ እጽፋለሁ። ባለባጃጁም ከሌላው እኩል ተራ አለበት፤ የመጨረሻዎቹ አምስት ኪሎ ሜትሮች ላይ ብቻ ይከለላል። ለዚያች ከለላ ምን ይክፈል በሚለው ላይ ረጅም ክርክር ተደርጎ በመጨረሻ ከድርሻው ላይ ለአምስቱ ምሳ እንዲጋብዝ ተባለ። ጠላው መሆኑ ነው።

የአራት ሰው ቦታ ላይ ስድስት ሰው የሚለው ጥያቄም የተፈታው በዚሁ ሒሳብ ነው። ጎሚስታውና ጥበቃው ሲኬድ፣ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ መምራቱን ለብቻቸው ይያዙ፤ ወረታ ላይ ሲደክሙ ይቅሩ። አራቱ ሲመለሱ ይክፈሉ። ከዚያ በፊት ሁለቱ ከወረታ በኋላ እየተቆረጡ በመቅረታቸው ደካማ ይባሉ ነበር። አሁን የቀሩት ሥራቸውን ጨርሰው ነው። ጥበቃው ይህን ሲሰማ ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ለእኔ ከማንኛውም የሰዓት ልዩነት ይበልጣል።

የትንሹ ምስጢር

ዕቅዱን ስንለማመድ አንድ ቀዳዳ ወጣ። በእሑድ ልምምድ ትንሹ ከሁለት ሰዓት ጉዞ በኋላ ተራው ሲደርስ ፊት ወጣና ከአሥር ሴኮንድ በኋላ ዝም ብሎ ወደ ዳር ወረደ። አልወደቀም፤ ቆመ እንጂ። ስደርስበት እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ከንፈሩ ነጥቷል፤ ላቡ ቀዝቃዛ ነው። ሙዝ ልጬ ሰጠሁት። አልቀበልም አለ።

"ምን በልተሃል ጠዋት?"

መሬት መሬት ያያል።

ልጁ ያደገው አያቱ ቤት ነው። በዚያ ቤት ሰንበት ቅዳሴ ሳይወጣ እህል አይቀመስም፤ ጾሙ ዐቢይ ጾም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ትንሹ ሦስቱን ውድድር ከዋዜማው እራት በኋላ ምንም ሳይቀምስ ነበር የተወዳደረው። ለማንም አልተናገረም፤ ከቡድኑ ያስወጡኛል ብሎ ፈርቷል።

የሰው ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያጠራቀመው ስኳር በጠንካራ ጉዞ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ከዚያ በላይ ለመሄድ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ያህል ስኳርነት ያለው ምግብ መጨመር ይገባል። ትንሹ የሚያልቅበት ሰዓት ከወረታ መዞሪያችን ጋር ገጠመ፤ ነፋሱ ከሚነሳበት ሰዓት ጋርም ገጠመ። ሁለት ችግር አንድ ቦታ ሲደርስ አንዱ ሌላውን ይሸፍነዋል። የልጁን ረኃብ ነፋሱ ደብቆልን ነበር፤ ነፋሱንም የልጁ ድካም።

አንድ ሁለት ሰው "ጠዋት ብላና ተወዳደር፤ ስፖርት ነው" አለው። ጋሼ ተቆጡ። እርሳቸውም ጿሚ ናቸው። "የአያቱን ቤት ሕግ እኛ አናፈርስም፤ ብስክሌቱን ከሕጉ ጋር እናስማማለን" አሉ። ልጁም የንስሐ አባቱን ጠይቆ መጣ፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅነውም። የተስማማንበት ይህ ነው። ቅዳሜ ማታ ከወትሮው እጥፍ እራት፣ በተለይ ሩዝና ድንች ይበላል። እሑድ ጠዋት ባዶ ሆዱን ይነሳል፤ እስከ ወረታ ድረስ ግን አንድም ጭረት አይኖርበትም፤ ከሁሉም ኋላ ተከልሎ ይሄዳል። ወረታ ሲደረስ ቅዳሴ ወጥቷል። እዚያ ሲዞር ኮዳውን ይከፍታል፤ ኮዳው ውስጥ በማር የተበጠበጠ በሶ አለ። በሶ የጥንት መንገደኛ ስንቅ ነው፤ ለብስክሌተኛም ከፋብሪካ ከሚመጣው የታሸገ ጄል የሚያንስ አይመስለኝም፤ ዋጋውም አይወዳደርም። ቀጠን ተደርጎ ካልተበጠበጠ ግን ኮዳው አፍ ላይ ይረጋል፤ ይህንንም የተማርነው አንድ ልምምድ አበላሽተን ነው።

ሲመለስ ትንሹ የጠዋቱን ዕዳ ይከፍላል። ወንፈል ነውና።

አራተኛው እሑድ

ስንሄድ ጎሚስታውና ጥበቃው እንደ ጥማድ በሬ ተቀያየሩ። የጭረታቸው ብዛት የገጹን ጠርዝ አልፎ ወደ ጀርባው ዞረ። ወረታ ላይ ጥበቃው እጁን አውለብልቦልን ወደ ኋላ ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሻይ ቤት ገብተው ተረጋግተው እንደመጡ ሰማሁ። ተገቢ ነው።

ሜዳው ላይ እንደወጣን ነፋሱ መጣ። ጎንደሮቹ በሩን ዘጉ። የኛዎቹ በሩን ለማንኳኳት አልሞከሩም፤ ከኋላ ሃምሳ ሜትር ያህል ርቀው የራሳቸውን ሰያፍ ሰልፍ ሠሩ። አናጺው፣ ተማሪው፣ ባለባጃጁ፣ ትንሹ፤ ከዚያ እንደገና አናጺው። ሠላሳ ሴኮንድ ለመሪ አጭር ናት፤ ከኋላ ሆኜ ለማያት ለእኔ ግን ረጅም ነበረች። የትንሹ ጺም በሌለው አገጩ ላይ በሶ ነጭ ሆኖ ደርቋል፤ እግሩ ግን ይዞራል። ሃምሳ ሜትሯ ስድሳ ሆነች፤ እንደገና አርባ ሆነች፤ አልተቆረጠችም።

ጉማራ ሊደረስ ሲል ጧ! የሚል ድምፅ ሰማሁ። የአናጺው የፊት ጎማ ነው። ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ያ ቀላል ጎማ። አናጺው ብስክሌቱን ተሸክሞ መንገድ ዳር ሲወርድ ያየኝን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። መለዋወጫ ቸርኬ እኔ ጋ ነበር፤ ቀይሮ ተነሳ፤ ግን ብቻውን ነበርና ሒሳቡ አልፈቀደለትም።

ሦስት ሰው ቀረ። ከዚያ በኋላ ባለባጃጁ ሁለት ተራ ዘለለ። አይቻለሁ፤ ጽፌያለሁ። ተማሪውና ትንሹ በእሱ ፈንታ ወጡ። ጉማራን ተሻግረን ወደ ሐሙሲት ከፍ ማለት ስንጀምር ዛፉ ነፋሱን ቆረጠው፤ ያ ያለ ምክንያት ያስወጣናቸው የቤዛዊት ዳገት እዚህ ላይ ምክንያት አገኘ። ጎንደሮቹን ዳገቱ ላይ ያዝናቸው። ባለባጃጁ ድልድዩ አጠገብ ሦስተኛ ገባ። ትንሹ ሰባተኛ። አንደኛም ሁለተኛም ጎንደሮች ናቸው፤ እነሱም ይህን ነፋስ ከእኛ ቀድመው ያጠኑ ጎበዞች እንደሆኑ መመስከር ይገባል።

ማታ ሒሳብ ስናደርግ ጭቅጭቅ ተነሳ። የሦስተኛ ደረጃ ሽልማት ብዙ አይደለም፤ ለስድስት ሲበተን ለአንድ ሰው የሚደርሰው ከአንድ የውስጥ ጎማ ዋጋ ብዙም አያልፍም። ክርክሩ ግን በገንዘቡ ልክ አልነበረም። ጎማው የፈነዳበት አናጺ ከጉማራ በኋላ ያልወጣባቸው ተራዎች ይቀነሱበት ወይስ አይቀነሱበት? ጋሼ የበሬው እግር የተሰበረበት ሰው ዕዳ የለበትም ብለው ፈረዱ፤ ጎማውን የገዛው ሰው ግን ዕዳ አለበት ሲሉ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ከኪሴ ከፈልኩ።

የባለባጃጁ ሁለት ዝላይ ግን በበሬ እግር አይመካኝም። እግሬን ቁርጥማት ይዞኝ ነበር አለ፤ ማንም አላመነውም፤ ድልድዩ ጋ ሲሮጥ አይተነዋላ። በገንዘብ ልክፈል ቢል አናጺው እንቢ አለ። "የጉልበት ዕዳ በጉልበት ነው።" በመጨረሻ ባለባጃጁ፣ "እንግዲያው በባጃጁ ይቆጠርልኝ" አለ።

ሰኞ ጠዋት ባጃጁ አናጺው ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ነበር። ጣውላ ጭኖ አንድ ጊዜ ወደ ገበያ፣ አንድ ጊዜ የወንበር እግር ጭኖ ወደ ደንበኛ ቤት ሄደ። ማታ ሁለቱ ተያይዘው ጭረቶቹ እንዲሰረዙ እኔ ቤት መጡ። የመጀመሪያዋን ሰረዝኩ። ሁለተኛዋ ላይ አናጺው እጄን ያዘኝ። ባለባጃጁ ሲመለስ መንገድ ላይ ተሳፋሪ ጭኖ አስከፍሏል፤ ስለዚህ ጉዞዋ ግማሽ ናት።

ግማሿ ጭረት መዝገቡ ላይ እስካሁን አለች።